ሌክቲን፦ ስኳር መራጩ ፕሮቲን

እ.ኤ.አ. በ1888 ኸርማን ስቲልማርክ የተባለ ተመራማሪ በዶርፓት፣ በዛሬዋ የኢስቶኒያ ከተማ ታርቱ፣ ከጉሎ ፍሬ የወጣ ፕሮቲን ቀይ የደም ሴሎችን እንደሚያጓጉል አሳየ። ተመሳሳይ ፕሮቲኖች በኦቾሎኒ፣ በአኩሪ አተርና በስንዴም ተገኙ። መጀመሪያ የተጠሩት በዚሁ በማጓጎል ሥራቸው ነበር። ኋላ ግን አንዳንዶቹ የደም ዓይነት እንደሚለዩ ታወቀ፤ የሊማ ባቄላው ለምሳሌ «ኤ» ዓይነትን ለይቶ ያጓጉላል። በ1954 የቦስተኑ ዊልያም ቦይድና ባልደረባው ኤልዛቤት ሻፕሊ «መረጠ» ከሚል የላቲን ግሥ ተነሥተው ሌክቲን አሏቸው።

የሚመርጡት ስኳር ነው፤ በሴሎች ገጽ ላይ ከፕሮቲንና ከስብ ጋር ተያይዞ የሚገኘውን። የኦቾሎኒው ጋላክቶስ ያለበትን ሰንሰለት ይይዛል፣ ሌላው ፉኮስን። ስለዚህ በአማርኛ «ስኳር መራጭ ፕሮቲን» የሚለው ፍቺ ይስማማዋል። «ፀረ እንግዳ አካል» ማለት ግን ያሳስታል፤ ያ የበሽታ መከላከያ ሴሎች የሚያመርቱት ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በፔምፊገስ ምርመራ ነው። በዚህ ሕመም የሰውነት መከላከያ በገዛ ቆዳው ላይ ይነሣል፦ ፀረ እንግዳ አካላቱ ሴሎችን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ዴስሞግሌን የተባለ ፕሮቲን ያጠቃሉ፤ ሴሎቹ ይላቀቃሉ፤ ቆዳውና የአፍ ውስጥ ሽፋን ውሃ ይቋጥራል። ፀረ እንግዳ አካላቱ በሕሙማኑ ደም ውስጥ መኖራቸውን ኤርነስት ቡትነርና ሮበርት ጆርደን በ1964 በአሜሪካ፣ በበፋሎ ከተማ አሳይተዋል።

ሐኪሙ ውሃ ከቋጠረው ቦታ አጠገብ ካለ ያልተላጠ ቆዳ ትንሽ ናሙና ይወስዳል። ናሙናው በስሱ ተቆርጦ መስታወት ላይ ይደረግና አይጂጂ የተባለውን የሰው ፀረ እንግዳ አካል የሚይዝ አብሪ ቀለም ይጨመርበታል። ሕመሙ ካለ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሴሎቹ ዙሪያ አረንጓዴ መረብ ያበራል። ቡለስ ፔምፊጎይድ በተባለው ሌላ ሕመም ግን ብርሃኑ የላይኛው ቆዳ ከታችኛው በሚገናኝበት ድንበር ላይ እንደ መስመር ይሰመራል።

አይጂጂን በሚይዘው ቀለም ፈንታ አብሪ ቀለም የተያያዘበት የኦቾሎኒ ሌክቲን ቢጨመርስ? ያኔም መረብ ይታያል፤ ግን በጤነኛ ሰው ቆዳም ላይ! ሌክቲኑ የያዘው በሴሎቹ ገጽ ላይ ዘወትር ያለውን ስኳር እንጂ አጥቂውን አይደለምና።

በመሆኑም ለሕመሙ ማረጋገጫ የሚያገለግለው የአይጂጂ መረብ ነው። ሌክቲን የሚፈለገው የትኞቹ ስኳሮች በየትኛው የቆዳ ንብርብር እንዳሉ፣ ሴሎቹ ሲላቀቁም ምን እንደሚለወጥ ለማጥናት ነው።