ክኒን ከማደል እስከ ጋራ ማዕድ፦ የካናዳ ነባር እናቶች ታሪክ

እህቶቼ፣ እኛ አራስን በገንፎና በአጥሚት እንጠይቃለን። የካናዳ ነባር ሕዝቦች ደግሞ የአጋዘን ሥጋ፣ ዓሣና የዱር ፍሬ ነበራቸው። መሬታቸው ተወስዶ፣ የአውሬ ቆዳ ንግዱም ሲወድቅ ግን ረሃብ ገባ።

በ1942 (እንደ ፈረንጆቹ) የመንግሥት ተመራማሪዎች ሰሜን ማኒቶባ ወዳሉት የክሪ መንደሮች ሄዱ። የተራበውን ሕዝብ በዓይናቸው አዩ። ታዲያ ምን አደረጉ? ከ300 ሰው ለ125ቱ ቫይታሚን ሰጡ፤ የቀሩትን ለማነጻጸሪያ ተዉአቸው። ምግብ ላጣ ሰው ክኒን! ከ1948 ጀምሮ ደግሞ በስድስት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሕፃናት ላይ ሞከሩ። በአንዱ ትምህርት ቤት የልጆቹ ወተት ሁለት ዓመት ሙሉ ከሚገባው ግማሽ በታች እንዲሆን ተደረገ። ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ሞስቢ ይህን ለሕዝብ ያወጣው በ2013 ነው።

የነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች የምግብ ድጋፍ የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የምግብ ኩፖን አለው፤ ጡት ማጥባት የሚከብዳት እናትም አጋዥ ታገኛለች። እኔ የምወደው ግን ሴቶቹ ተሰብስበው አብረው የሚያበስሉበትን ነው፤ አጋዘኑም ዓሣውም ወደ ድስቱ ተመልሷል። በሩቁ ሰሜን ወተት በአውሮፕላን ስለሚገባ ዋጋው አይቀመስም፤ የብዙ ቤት ሥጋ ዛሬም ከአዳኝ እጅ ነው።