የኦሪኩላ ትያትር

በመካከለኛው እንግሊዝ፣ በደርቢሻየር፣ ካልክ አቢ የሚባል የቀድሞ የባላባት መኖሪያ አለ። በአትክልት ግቢው ውስጥ ጣሪያ ያለው፣ ፊቱ ክፍት የሆነ መደርደሪያ ይታያል። ጣውላዎቹ ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ ከፍ እያሉ ይሄዳሉ፤ በሚያዝያ ገደማ ኦሪኩላ የተባለች አበባ በየሸክላው ተተክላ ትደረደርበታለች። የኦሪኩላ ትያትር ይሉታል። እንዲህ ያለው መደርደሪያ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአበባ ወዳጆች ዘንድ የተለመደ ነበር፤ ከድሮዎቹ እስከ ዛሬ የቆዩት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው።

ኦሪኩላ የአልፕስ ተራሮች ተወላጅ ናት። የዕፅዋት ሊቁ ካሮሉስ ክሉሲየስ እ.ኤ.አ. በ1573 ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን 2ኛን ለማገልገል ቪየና ከገባ በኋላ፣ ከተራራ አምጥቶ ካለማዳቸው ዕፅዋት አንዷ እሷ ነበረች።

የተራራ ብርድ የለመደ ተክል መጠለያ ለምን አስፈለገው? ምክንያቱ ዱቄት ነው። ለውድድር የሚቀርቡት የኦሪኩላ ዓይነቶች ብዙዎቹ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ፤ በአበባዋ መሀል ያለው ነጭ ክብም ከዚሁ ብናኝ የተሠራ ነው። ጣት ከነካው አሻራ ይቀራል፤ አንድ የዝናብ ጠብታ ካረፈበት ደግሞ ነጩ ታጥቦ በቀለሙ ላይ ይዝረከረካል። ዳኞች የሚመለከቱትም የዚያን ክብ ጥራት ነው። ስለዚህ አበባዋ ከዝናብም ከቀትር ፀሐይም መከለል አለባት፤ ነፋሻ አየር ግን አይቅርባት።

መደርደሪያው ቅርጹን ያገኘው ከዚህ ነው። ጣሪያው ወደ ፊት ወጣ ይላል፤ ጀርባና ጎኑ ይዘጋል፤ ፊቱ ፀሐይ ወደማይበረታበት ወደ ሰሜን ይዞራል። ተክሏ አጭር ስለሆነች የኋለኞቹ በፊተኞቹ እንዳይጋረዱ ጣውላዎቹ በደረጃ ይሠራሉ።

ሀብታሞች የመደርደሪያውን ጀርባ በጥቁር ጨርቅ ያለብሱ፣ አንዳንዶችም መስተዋት ይገጥሙበት ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የላንካሻየር ሸማኔዎች ፍቅር ነው። የሚሸምኑት በየቤታቸው ስለነበር ሰማዩ ሲጠቁር መወርወሪያቸውን አስቀምጠው ሸክላዎቹን ለመሰብሰብ ይችሉ ነበር። አበባው ሲደርስ በየመጠጥ ቤቱ ተሰብስበው ይወዳደሩ ነበር፤ ያሸነፈው የመዳብ ማንቆርቆሪያ ይሸለም ነበር። ቀኑን ሙሉ ሠርተው በጉልበታቸው የሚያድሩ ሰዎች በነጭ ብናኝ ጥራት ይከራከሩ የነበረው በዚያ ጠባብ ኑሮ ውስጥ ሆነው ነው።

በእንፋሎት የሚሠራው የሽመና መኪና ሲስፋፋ የእጅ ሽመና ከሰመ፤ ሥራው ወደ ፋብሪካ ገባ። ቀኑን በፋብሪካ የሚውል ሰው ደመና አይቶ ወደ ሸክላው ሊሮጥ አይችልም። ቢሆንም ልማዱ ጨርሶ አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ የኦሪኩላ ወዳጆች ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ፤ ውድድሩም እስከ ዛሬ ይካሄዳል።

በቤቱ ተመሳሳይ መደርደሪያ መሥራት የሚፈልግ ሰው ብዙ ነገር አያስፈልገውም። ሁለት ጎኖች በደረጃ ቅርጽ ይቆረጣሉ፤ ከሸክላው ግርጌ ጥቂት ሰፋ ያሉ ሦስት ወይም አራት ጣውላዎች ይመቱባቸዋል፤ ከኋላ በአግድም የሚታሰር እንጨት እንዳይወላገድ ያጠነክረዋል። ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን ከተመታ፣ የተረፈው ውሃ እንዲንጠባጠብና እንጨቱ እንዳይበሰብስ በመካከላቸው የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይተዋል።