ትናንሽ መርከቦችና የስቫልባርድ አራዊት

በየዓመቱ በበጋ ወራት ትናንሽ መርከቦች መንገደኞችን አሳፍረው በሰሜን ዋልታ አጠገብ ወደሚገኙት የኖርዌይ ደሴቶች፥ ወደ ስቫልባርድ ይጓዛሉ። የጉዞው ዓላማ አራዊትን ማየት እንጂ ማደን አይደለም። ከዚህም የተነሣ፥ መርከቢቱ ትንሽ እስከ ሆነች ድረስ ጉዳት አታደርስም የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ አለ። ታሪክ ግን ይህን አሳብ አይደግፍም።

በ1596 ዓ. ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሆላንዳዊው ዊሌም ባረንትስ ከጓደኞቹ ጋር በሁለት መርከቦች ብቻ ወደ ሰሜን ተጓዘ። መርከበኞቹም በአንዲት ደሴት አጠገብ ነጭ ድብ አግኝተው ለረጅም ሰዓት ከታገሉት በኋላ ገደሉት፤ ደሴቲቱም ስለዚህ እስከ ዛሬ «የድብ ደሴት» ትባላለች። ከጥቂት ቀኖች በኋላ ስቫልባርድን አዩ። ወሬው በተሰማ ጊዜ የእንግሊዝና የሆላንድ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ተከታትለው መጡ። ሆላንዳውያን ስሜረንቡርግ፥ ማለት «የሞራ ከተማ» የተባለውን ሰፈር ሠርተው የዓሣ ነባሪ ስብ እያቀለጡ ዘይት ያወጡ ጀመር። በዚህም ዐይነት በባሕሩ ሞልቶ የነበረው ዓሣ ነባሪ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው።

በ1773 ዓ. ም. የእንግሊዝ ባሕር ኀይል መኰንን ኮንስታንታይን ፊፕስ ወደዚያው ሄደ፤ በማግሥቱም ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ነጩ ድብ ራሱን የቻለ ዘር መሆኑን ለሊቃውንት ገለጠ። ይሁን እንጂ ዕውቀት ብቻውን ድቡን ከጥይት አላዳነውም። ያዳነው ሕግ ነው። በስቫልባርድ ሁለት ረዣዥም ጥርሶች ያሉት ዋልረስ የተባለው የባሕር እንስሳ በ1952፥ ነጩም ድብ በ1973 ዓ. ም. እንዳይታደኑ ተከለከለ። ሊያልቅ ደርሶ የነበረው ዋልረስ ዛሬ በብዙ ሺህ ይቈጠራል።

አዳኙ በተመልካች ከተተካ በኋላም አደጋው ፈጽሞ አልተወገደም። በሐምሌ 2018 ዓ. ም. በፊፕስ ስም በምትጠራው ደሴት፥ ከ200 ያነሱ መንገደኞችን ከምትይዝ መርከብ ጠባቂዎች ቀድመው ወረዱ፤ ነጭ ድብ ድንገት አንዱን አቈሰለው፥ ጓደኞቹም ድቡን ተኵሰው ገደሉት። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ድቡ ግን ሞተ።

የኖርዌይ መንግሥት ከ2025 ዓ. ም. መጀመሪያ አንሥቶ በተጠበቁት ስፍራዎች አንድ መርከብ ከ200 መንገደኞች በላይ ይዞ እንዳይገባ፥ በ43 ቦታዎች ብቻ እንዲወረድ፥ ከድብም ቢያንስ 300 ሜትር፥ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ደግሞ 500 ሜትር እንዲራቅ አዘዘ። አንዳንድ የመርከብ ባለቤቶች ትእዛዙ ንግዳቸውን እንደሚጐዳ ተናግረዋል፤ መንገደኛውም በቅርብ ለማየት ሲል ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ነው። ነገር ግን የባረንትስ መርከቦችም ትናንሾች ነበሩ። አራዊቱን የሚጠብቃቸው የመርከቢቱ ማነስ ሳይሆን፥ በውስጧ ያለው ሰው ከወሰኑ እንዳያልፍ ራሱን መግዛቱ ነው።