ስልካችን መንቀሳቀሱን በምን ያውቃል?

ስልክን ወደ ጎን ስናዞረው በስክሪኑ ላይ ያለው ምስል አብሮ ይዞራል። ልጆች ይህን ሲያዩ «ስልኩ መዞሩን በምን አወቀ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ምስጢሩ በውስጡ ያለው የእንቅስቃሴ ዳሳሽ ወይም ሴንሰር ነው።

አሠራሩን ለመረዳት በአርባ ምንጭ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በባጃጅ መጓዝን ማስታወስ ይበቃል። ባጃጁ ድንገት ሲነሳ ሰውነታችን ወደ ኋላ ይቀራል፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ ፊት ያዘነብላል። ዓይናችንን ብንጨፍን እንኳ መነሳቱንና መቆሙን ሰውነታችን ይነግረናል።

አክስለሮሜትር የተባለው ዳሳሽም እንዲሁ ይሠራል። በውስጡ ከሲልከን የተሠራ እጅግ ጥቃቅን ክብደት በቀጫጭን ሞላዎች ተይዟል። ስልኩ ሲነቃነቅ ክብደቱ እንደ ባጃጅ ተሳፋሪ ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ጊዜ በእርሱና በአጠገቡ ባሉት ጥቃቅን ሳህኖች መካከል ያለው ርቀት ስለሚለወጥ ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅማቸውም ይለወጣል፤ ስልኩም ለውጡን ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥም የመሬት ስበት ክብደቱን ስለሚስበው ታች የትኛው እንደሆነ ይለያል። ምስሉ የሚዞረውም እርምጃችን የሚቆጠረውም በዚሁ ነው።

ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራው የበር መብራት ግን ሌላ ዓይነት ዳሳሽ አለው። የሚያስተውለው ከሰውነት የሚወጣውንና በዓይን የማይታየውን የሙቀት ጨረር ነው፤ ስለዚህ ፍየል ብታልፍም ሊበራ ይችላል።

የክብደቱ ብልሃት ለትልቅ ሥራም ያገለግላል። የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመዘግቡ መሣሪያዎችና በተዳፋት ላይ ተተክለው የመሬቱን ማዘንበል የሚለኩ ዳሳሾች በዚሁ መርህ ላይ ተመሥርተው ይሠራሉ። ሐምሌ 14 እና 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በአጎራባች ጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ከእነርሱም መካከል በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ይገኙበታል።

በኪሳችን ያለው ስልክ ግን የራሱን እንቅስቃሴ እንጂ የተራራውን አይለካም፤ መሬቱ ቀስ በቀስ ሲንሸራተትም አያስጠነቅቀንም። በክረምት ወራት በተዳፋት አካባቢ የምንኖር ሁሉ የመሬት መሰንጠቅን፣ የዛፎችና የአጥር መዝመምን፣ የምንጭ ውኃ ድንገት መደፍረስን ልናስተውል ይገባል። እነዚህ ሲታዩ ከስፍራው ፈጥኖ መራቅ፣ ለጎረቤትና ለቀበሌም ማሳወቅ ሕይወትን ያተርፋል።