ከእንዝርት እስከ መርፌ

የአገራችንን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ነገሥታቱ ዘመን፣ ስለ ጦርነቱና ስለ ድሉ፣ ስለ አድባራቱና ስለ ገዳማቱ መታነጽ ብዙ ደክመው ጽፈዋል። ይህም የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን ዘማቹ በብርድ ሌሊት ተጠቅልሎ ያደረበትን ጋቢ ማን እንደ ፈተለው፣ ሕፃኑ የታዘለበትን አንቀልባ ማን እንዳዘጋጀው፣ እንጀራው የቀረበበትን መሶብ ማን እንደ ሰፋው የሚነግረን ገጽ ፈልገን የምናገኘው በጭንቅ ነው። እናቶች ሠሩት፤ ልጆች ለበሱት፤ አረጀ፤ በእግሩም ሌላ ተተካ። ከጨርቅና ከሣር የተሠራ ነገር እንደ ድንጋይ ሐውልት ዘመን አይሻገርምና ሠሪዎቹም ከሥራቸው ጋር አብረው ተረሱ።

በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢ ለማሳሰብ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። ይኸውም በቤት ውስጥ ለቤተ ሰብና ለልጆች የሚሠራው ቀላል የእጅ ሥራ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሳይሆን፣ ሕፃን ፊደል ከመቊጠሩ በፊት እጁና ዓይኑ የሚማሩበት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሆኖ መኖሩ ነው። ይህ ትምህርት ቤት እንዴት ቆሞ እንደ ነበረና እንዴት እየተዘጋ እንደ ሄደ እንመልከት።

የጥጥ ነገር በአካባቢያችን ጥንታዊ መሆኑን ከሚመሰክሩት አንዱ በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና ያስቀረጸው ጽሑፍ ነው። ንጉሡ በኖባ ላይ በዘመተ ጊዜ የጠላቶቹን የእህልና የጥጥ ክምችት እንዳጠፋ በዚያ ድንጋይ ላይ ተናግሯል። ከዚያም አስቀድሞ በ1ኛው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከብ ጉዞ መጽሐፍ፣ በአዱሊስ ወደብ በኩል ከግብፅና ከሕንድ ልብስና ጨርቅ ይገባ እንደ ነበረ ያስረዳል። ብዙ ዘመን አልፎ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው የፖርቱጋሉ ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ፣ ከጎጃም ለንጉሠ ነገሥቱ በሚገባው ግብር ውስጥ ከፈረሱና ከበቅሎው ጋር ወፍራም የጥጥ ልብስ እንደ ነበረበት ጽፏል። እንግዲህ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ግብር ሆኖ የተቈጠረው እያንዳንዱ ልብስ ከሸማኔው እጅ ከመድረሱ በፊት ክሩ በአንዲት ሴት እንዝርት መፈተል ነበረበት። ንጉሡ የተቀበለው ልብሱን ነው፤ የፈታይቱን ስም ግን የመዘገበ የለም።

ለአንድ ጋቢ የሚሆነው ክር የሚያልፍበትን መንገድ በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በመጀመሪያ ጥጡ በድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ እየተዳመጠ ፍሬው ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን እየተነደፈ ይፍታታና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ፣ አመልማሎው በእንዝርት ተፈትሎ ክር፣ ክሩም ተጠምጥሞ ልቃቂት ይሆናል። ለድር የሚፈለገው ቀጠንና ጠንከር ያለው ሲሆን፣ ለማግ የሚፈለገው ግን ላላና ወፈር ያለው ነው። ሸማኔው ሥራውን የሚጀምረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

በዚህ ሥራ መካከል ልጆችም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ታናሺቱ የወደቀውን ፍሬ ትለቅማለች፤ ታላቂቱ አመልማሎ ትጠቀልላለች። እናትየዋ ማታ በእሳት ዳር ስትፈትል ልጂቱ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ትመለከታለች። አንድ ቀንም እናትየዋ እንዝርቱን ታቀብላትና «እንግዲህ አንቺ ሞክሪው ልጄ፤ ቢበጠስ እቀጥለዋለሁ» ትላታለች። አንባቢ ይህችን ቃል ልብ ይበል። ክሩ ይበጠሳል፤ ይቀጠላል፤ ደግሞ ይበጠሳል፤ ደግሞ ይቀጠላል። ስሕተት የሥራው ክፍል እንጂ የውርደት ምክንያት አይደለም። ልጂቱ በዚህ ሁኔታ ትዕግሥትን ብቻ ሳይሆን ግምትንም ትማራለች፤ ስንት ልቃቂት ለአንድ ነጠላ፣ ስንቱ ለአንድ ኩታ እንደሚበቃ ሚዛንና ሜትር ሳትይዝ ታውቃለች። ይህ ዕውቀት በቃል የተነገረ ሳይሆን በጣት የተያዘ ስለ ሆነ በቀላሉ አይረሳም።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። መፈተል ለሴት ልጅ ትልቅ ክብር ነበረ። የመኳንንት ሚስቶችና ታላላቅ እመቤቶች ሳይቀሩ ይፈትሉ እንደ ነበረ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን የመጡ መንገደኞች ጽፈዋል። «ባለሙያ ናት» መባልም ለአንዲት ሴት ከምስጋና ሁሉ የሚበልጥ ምስጋና ነበረ። ያው ክር ግን ከቤት ወጥቶ ሸማኔው ከተቀመጠበት ጉድጓድ በገባ ጊዜ ክብሩ በደጃፍ ይቀር ነበር። ሸማኔው፣ ብረት ሠሪውና ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ይሰደቡ፣ «ቡዳ» እየተባሉም ይፈሩ ነበር። ሀብትና ማዕርግ ከርስት መሬት ጋር ተያይዞ በሚቈጠርበት ዘመን፣ በእጁ ጥበብ የሚኖረው ሰው ብዙውን ጊዜ ርስት አልባ ስለ ነበረ እንደ ታናሽ ታየ። በጎንደር አካባቢ ሸማ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል መሆናቸውም በንቀቱ ላይ ሌላ ንቀት ጨመረበት። አንድ ክር ነው፤ በእናት እጅ ሳለ ሙያ ተባለ፤ በሸማኔ እጅ ሲገባ መሰደቢያ ሆነ። ልብሱን ግን የሰደበውም ያልሰደበውም እኩል ለበሰው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ሸማ የሚሠራውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ የሚያርሰውንና የሚነግደውን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠቀሱ፣ እንዲህ ያለው ስድብ አገርን ከጥበብ የሚያራቁት መሆኑን አስገነዘቡ። አዋጅ ግን የቆየ ልማድን በአንድ ቀን አይሽርም። ንቀት የሚተከለው በሕፃንነት ነውና የሚነቀለውም በሕፃንነት ነው። ወንድ ልጅ ከእንዝርቱ አጠገብ ቁጭ ሲል «ተነሥ፤ ሴታ ሴት ትሆናለህ» እየተባለ ባደገበት ቤት፣ ነገ የሸማኔውን ድካም የሚያከብር ሰው ከወዴት ይገኛል?

በእውነቱ ግን ወንዱም ቢሆን ከመርፌ የራቀ አልነበረም። በቤተ ክህነታችን ብራና የሚፍቀው ሰው ቆዳው ሲወጠር የተበሳውን ቀዳዳ በጥንቃቄ ይሰፋው ነበር፤ ዛሬም የጥንት መጻሕፍትን የሚገልጥ ሰው ያንን ስፌት በዓይኑ ያየዋል። የዳዊቱ መድበል የተያያዘው በመርፌና በክር ነው፤ የቆዳ ማኅደሩም የተሰፋ ነው። የቆሎ ተማሪውም ደበሎው በተቀደደ ጊዜ ከእናቱ ርቆ ነውና የሚኖረው ራሱ ይጠግነዋል። እንግዲህ ቅዱስ መጽሐፍን የሰፋ እጅ ያልተዋረደ ከሆነ የሕፃን ቀሚስ የሰፋ እጅ ስለ ምን ይዋረዳል?

ቋንቋችንም በዚህ ነገር ከልማዳችን ይልቅ አስተዋይ ሆኖ ይገኛል። «ጥበብ» ስንል የጠቢባንን ዕውቀት እንላለን፤ በቀሚስና በነጠላ ጫፍ የሚገባውን ኅብረ ቀለምም በዚያው ስም እንጠራዋለን። «ስፌት» ስንልም የጨርቁንም የሣሩንም ሥራ ማለታችን ነው። የሣሩ ስፌት የልጃገረዶች ዋነኛ ትምህርት ነበረ። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶውና አክርማው ይለቀማል፤ ይደርቃል፤ ከፊሉም ቀለም ይነከራል። ስንደዶው በውስጥ እየዞረ፣ አክርማው በላዩ እየተጠመጠመ፣ በወስፌ እየተወጋ ሙዳይ፣ ሌማት፣ አገልግልና መሶብ ይሆናል። ቀለሙ በየዙሩ ትክክል እንዲገጥም ልጂቱ በልቧ ትቈጥራለች፤ አንድ ብትስት ከሦስት ዙር በኋላ ስሕተቱ ጐልቶ ይታያታልና ፈትታ እንደ ገና ትሰፋዋለች። በሐረር ከተማም «ሞይ ጋር»፣ ማለትም የሥራ ቤት፣ የሚባል ልጃገረዶች ተሰብስበው ስፌት የሚማሩበት ስፍራ ነበረ። የሐረሪዎች ቤት ግድግዳ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያጌጠው በዚሁ ስፌት ነው።

ልጆችስ ለራሳቸው ምን ይሠሩ ነበር? ልጃገረዶቹ ሁለት እንጨት በመስቀለኛ ያስሩና በጥጥ ይጠቀልሉታል፤ ከላዩ የጥጥ ራስ ያደርጉለታል፤ ከእናት ቀሚስ በተረፈ ቁራጭ ልብስ ይሰፉለታል፤ በጥቁር ክር ጠጕር ያበቅሉለታል። ይህች አሻንጉሊት በ«ዕቃ ዕቃ» ጨዋታ ጊዜ ታዝላ ትውላለች። ወንዶቹ ደግሞ በኋላ ዘመን ካልሲ በመጣ ጊዜ ያረጀውን ካልሲ በጨርቅ ይሞሉና አፉን አጥብቀው አስረው፣ የቀረውን ጫፍ እየገለበጡ ደጋግመው ያለብሱታል፤ በመጨረሻም በመርፌ ይሰፉታል። የጨርቅ ኳስ ማለት ይህ ነው። በየመንደሩ ሜዳ ኳስ መምታትን የተማረ ብዙ ሰው መጀመሪያ የመታው በገዛ እጁ የሰፋውን ኳስ ነው። ስፌቱ የላላ እንደ ሆነ ኳሱ በጨዋታው መካከል ይፈታል፤ ሰነፉ ሰፊም በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ከዚህ የበለጠ ፈታኝ መምህር አይገኝም።

በ19ኛው መቶ ዓመት ከባሕር ማዶ የመጣው አቡጀዲ የእንዝርቱን ሥራ ማቃለል ጀመረ። የባቡሩ ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም የውጭው ጨርቅ በብዛት ገባ። በአሜሪካ አገር ይስሐቅ ሲንጀር በ1851 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት የስፌት መኪናም ወደ እኛ ደርሶ፣ በየከተማው በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ የተለመደ ሰው ሆነ። እነሆ፣ ለእንዝርት «ሴታ ሴት» የተባለው ወንድ በመኪናው ፊት ሲቀመጥ ማንም አልሳቀበትም።

ዘመናዊው ትምህርትም የእጅ ሥራን ጨርሶ አልተወውም። በ1931 እ.ኤ.አ. የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በእቴጌዪቱ ስም የተጠራ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤትም ነበረ። በ1935 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ የፋሺስት ጦር አገራችንን ወረረ፤ የመርዝ ጋዝም በሠራዊታችን ላይ ረጨ። በዚያ በ1928 ዓ.ም. የመከራ ወራት የአዲስ አበባ ሴቶች ተሰብስበው ለዘማቹ ልብስና የቁስል ማሰሪያ አዘጋጁ፤ ልዕልት ፀሐይ ባሉበትም ከጨርቅ የጋዝ መከላከያ ጭምብል ሰፉ። ያ ጭምብል ከመርዙ ኃይል ጋር ሲመዛዘን ደካማ ነበረ። ነገር ግን መርፌ መያዝ የሚያውቅ እጅ ባይኖር ኖሮ ያም አይገኝም ነበር። በሕፃንነት በአሻንጉሊት ልብስ የተጀመረ ሙያ ለአገር ጭንቅ የደረሰው በዚህ ዓይነት ነው።

ከነጻነት በኋላ በተስፋፉት ትምህርት ቤቶች ውስጥም ለሴቶች ልጆች ስፌትና ጥልፍ፣ ለወንዶች የእንጨት ሥራ የሚማሩበት ክፍለ ጊዜ ነበረ። ቀስ በቀስ ግን ይህ ትምህርት በብዙ ስፍራ እየቀነሰ ሄደ። በቤትም ቢሆን ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ ይገዛል፤ መሶቡ ከገበያ ይመጣል፤ የልጅ መጫወቻው ፕላስቲክ ነው፤ የተቀደደው ልብስ ከመጠገን ይልቅ ይጣላል። ዛሬ በከተማ ካደጉት ወጣቶች መካከል ለወደቀ ቁልፍ ልብስ ሰፊ ፍለጋ የሚሄደው ጥቂት አይደለም።

ይህን ስንል ሁላችንም ወደ እንዝርት እንመለስ ማለታችን አይደለም። ፋብሪካው የእናቶቻችንን ወገብ ከብዙ ድካም አሳርፎታልና ሊመሰገን ይገባዋል። የምንለው፣ ድካሙ ሲቀር ትምህርቱም አብሮት መቅረት አልነበረበትም ነው። ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ መርፌ፣ ጥቂት ክር፣ ያረጀ የጋቢ ቁራጭና የአንድ ሰዓት ጊዜ ይበቃል። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ቀን ቁልፍ መትከል፣ በሁለተኛው ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ገጥሞ መስፋት፣ በሦስተኛው ጨርቁን በሦስት ጐን ሰፍቶ እርሳሱን የሚይዝበት ከረጢት መሥራት ይችላል። ከዚያ በኋላ ኳሱንና አሻንጉሊቱን ለራሱ መተው ነው። መምህራንም ይህን ሥራ ለሴቶቹ ብቻ እንዳይሰጡ እንለምናለን፤ መርፌ የያዘ ወንድ ልጅ ነገ የሸማኔን ልጅ አይሰድብም፤ አንድ ክንድ ጨርቅ ስንት ጊዜ እጅን እንደሚያስነሣ በራሱ እጅ አውቆታልና።

ወላጅም ቢሆን ልጁ የሰፋው ከረጢት ጠማማ ሆኖ ባየ ጊዜ ቀምቶ አያስተካክልለት። በእሳቱ ዳር የነበረችውን እናት ያስብ፤ እንዝርቱን ከልጇ እጅ አልወሰደችም፤ ቢበጠስ እቀጥለዋለሁ አለች እንጂ።