ዊንድዘር፦ የባቡር ከተማና የልዑላችን ማረፊያ

የማኅበራችንን 10ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ ቅዳሜ ማለዳ ልጆቻችንን ይዘን ከለንደን ፓዲንግተን በባቡር ተነሣን። ስላው ላይ ወርደን፣ ቴምዝን በብረት ድልድይ በሚያሻግረው አጭር መስመር ዊንድዘር ገባን።

ድልድዩን የሠራው ዕውቁ መሐንዲስ ብሩነል ነው። ጎረቤቱ የኢተን ትምህርት ቤት ባቡሩን አጥብቆ ይቃወም ስለ ነበር፣ ሐዲዱ ከከተማዋ የደረሰው ዘግይቶ በ1849 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያው ዓመት ተፎካካሪ ኩባንያ በወንዙ ዳር ሁለተኛ ጣቢያ ከፈተ። የመጀመሪያው ጣቢያ ለንግሥት ቪክቶሪያ 60ኛ የንግሥ በዓል በ1897 እንደገና ሲሠራ፣ ለንግሥቲቱ ልዩ ማረፊያ ክፍል ተጨመረለት። ዛሬ አብዛኛው ሱቅ ሆኗል።

ከጣቢያው ስንወጣ ግንቡ ፊት ለፊት ነው። ብዙ ሰው የሚመጣው እርሱን ለማየት ነው፤ እኛ ግን የመጣነው ለአንድ ልጅ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ፣ በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ገና 7 ዓመት ገደማው ሳለ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ዐረፈ፤ በንግሥቲቱ ፈቃድም በዊንድዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። ዐፅሙ ለአገሩ አፈር እንዲበቃ ኢትዮጵያ ጠይቃለች። ቤተ መንግሥቱ ግን በ2023፣ በአካባቢው ያረፉትን የሌሎች ዐፅም ሳይነካ ማውጣት ያስቸግራል ሲል ጥያቄውን አልተቀበለም።

በመታሰቢያው ሰሌዳ ፊት ቆመን ታሪኩን ለልጆቻችን ነገርናቸው። «እሱስ መቼ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው?» አለች አንዷ። መልስ አልነበረንም።

እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቤተ ጸሎቱ እሑድ ለጎብኚ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ ይመረጣል።