ከአሞሌ እስከ ባንክ ደብተር፦ የመቀሌ ነጋዴና የዓለም ገበያ

ለመሆኑ ገንዘብ ምንድን ነው? ጥያቄው የተማሪ ቤት ጥያቄ ይመስላል። ይሁንና በመቀሌ ከተማ ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ የኑሮ ጥያቄ ሆኗል። መቀሌ ከጨው ንግድ ጋር አብራ ያደገች ከተማ ናት። ጨው ደግሞ ለብዙ መቶ ዓመታት የአገራችን ገንዘብ ነበር። ስለዚህ በሩቅ አገር የተወለደ የኢኮኖሚ አሳብ እንዴት ተጉዞ የአንድን ነጋዴ መደብር እንደሚያንኳኳ ማየት የሚፈልግ ሰው፣ የዚህችን ከተማ ታሪክ ቢመረምር ድካሙ በከንቱ አይቀርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሩቅ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ፣ የአክሱም ሰዎች ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ሳሱ ወደሚባል ምድር እየሄዱ በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው በአገሩ እንደ ገንዘብ ሲዘዋወር፣ ከሚቆረጥበት ስፍራ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ሲጨምር ተመልክቷል። ጨዉ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከዳሎል አካባቢ ተፈልጦና ተጠርቦ አሞሌ ይሆናል። ከዚያም በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል። ይህ የጨው ጉዞ አርሆ ይባላል።

አሞሌ እንደ ገንዘብ ብዙ እንከን ነበረበት። ይከብዳል፣ ይሰበራል፣ ዝናብ ያሟሟዋል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ማንም ሰው ባይቀበለው እንኳ ወጥ ውስጥ ይገባል። ዋጋው የሚቆመው በመንግሥት ማኅተም ላይ ሳይሆን በቆራጩ ላብ፣ በመንገዱ ርዝመትና በየኬላው በሚከፈለው ቀረጥ ላይ ነበር። ስለዚህም የዚያን ዘመን ነጋዴ ሥልት ግልጽ ነው። በርካሽ ስፍራ ገዝቶ እስኪወደድ ድረስ መጓዝ፣ ሲመለስ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ወይም ወርቅ ይዞ መምጣት። ሲራራ ነጋዴው ብቻውን አይጓዝም። በነጋድራስ ይመራል። ነጋድራስ ሸክም ቆጣሪ ብቻ አልነበረም፤ ከባለ ኬላው ጋር የሚደራደር፣ የቱ መንገድ ሰላም እንደሆነና የቱ ገበያ እንደተራበ የሚያውቅ ሰው ነበር። በዛሬ ቋንቋ የድርጅት መሪ የምንለው ማለት ነው።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ መቀሌን መቀመጫቸው አድርገው በ1870ዎቹ ዓ.ም. ቤተ መንግሥታቸውን ሲያሠሩ፣ የከተማይቱ ገበያ ከጨዉ መንገድ ጋር ተያይዞ አደገ። በዚያው ዘመን ግን ሌላ ገንዘብ ከአሞሌ ጎን ቆሞ ነበር። እርሱም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ የትም ዘመን ቢመታ 1780 የሚል ዓመት የሚጻፍበት ጠገራ ብር ነው። ጠገራ ብር ዋጋው በውስጡ ባለው ብር ነው። ጀርመን ከ1871 እ.ኤ.አ. በኋላ፣ ሌሎችም የአውሮፓ መንግሥታት ተከትለዋት፣ ገንዘባቸውን በወርቅ ላይ ሲመሠርቱ የብር ማዕድን በዓለም ገበያ እየረከሰ ሄደ። በርሊን ላይ የተቆረጠ ነገር የመቀሌ ነጋዴ ከባሕር ማዶ ለሚያስመጣው ጨርቅ የሚከፍለውን ጠገራ ብር አበዛበት። ምክንያቱን የሚነግረው ሰው ግን አልነበረም።

ለውጡ በዚህ አላበቃም። አፄ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት የ1887 ዓ.ም. ብር ተከተለ። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። የጅቡቲ የምድር ባቡር ድሬዳዋ ደርሶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከምጽዋ ወደ ደጋ የሚወጣው ጥንታዊ መንገድ ብዙ ጭነቱን ለምሥራቁ መስመር ለቀቀ። እንግዲህ ሐዲድ ያልደረሰበት አገር ነጋዴ፣ ሳይበድልና ሳይሰንፍ፣ ወደ ዳር ተገፋ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በንቃት ከተመለከቱት ሰዎች አንዱ የትግራይ ተወላጅ ነው። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ተማረ። በኋላም የምድር ባቡር ተቆጣጣሪና የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኖ ሠራ። ሐዲዱ ምን ይዞ እንደሚመጣና ምን ይዞ እንደሚሄድ ከጉምሩክ በር ላይ ቆሞ አይቷል። በ1911 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ ዋና አሳቡ ይህ ነው፦ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ፣ ዕውቀት እስካላገኘ ድረስ፣ ንግዱ በሰፋ ቁጥር ለሌላው ሠራተኛ ይሆናል። በብዙ የዓለም ክፍል ያሉ ምሁራን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተከራከሩበትን ጉዳይ እርሱ ቀድሞ አነሳው። የሚያሳዝነው፣ ስሙን የምናውቀውን ያህል ትምህርቱን በየመደብራችን አለመመንዘራችን ነው።

በ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወረቀት ብር ሲወጣ ጠገራው ከሕጋዊ መገበያያነት ወረደ። አሞሌም ውሎ አድሮ ተራ ጨው ሆነ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለው ተረት ለአሞሌ በእርግጥ ደረሰበት፤ ገንዘብነቱን ቢያጣም ጣዕሙ አዳነው። የወረቀቱ ገንዘብ ግን ጣዕም የለውም። ያለው እምነት ብቻ ነው። ስለዚህ አሳብ በተለወጠ ቁጥር እርሱም ይናወጣል። በደርግ ዘመን የሶሻሊዝም አሳብ ለግል ነጋዴ ካፒታል ጣሪያ ሲያበጅ፣ ብልህ የተባለው ነጋዴ ማደግን ሳይሆን መደበቅን ተማረ። በ1985 ዓ.ም. የገበያ ኢኮኖሚ አሳብ ሲመጣ አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ዘለለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ተለቀቀና ዶላሩ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

በእነዚህ ሁለት ለውጦች መካከል ያለፈው ዘመን ለመቀሌ እጅግ መራራ ነበር። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች ዓይደር ላይ ቦምብ ጣሉ። ከሞቱትና ከቆሰሉት መካከል የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ያ ጦርነት ሕይወት ከመቅጠፉም በላይ የአሰብንና የምጽዋን ወደቦች ዘጋና የአገሪቱን ንግድ በጅቡቲ ላይ አስደገፈው። ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶም የዓይደር ስም በሌላ መከራ ተነሣ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ባንክ፣ ስልክና መንገድ ተዘግተው በነበሩበት ጊዜ፣ የዓይደር ሪፈራል ሆስፒታል ሐኪሞች ያለ ደመወዝ እየሠሩ መድኃኒት እንዳለቀባቸው ለዓለም ተናገሩ። በደብተሩ ላይ ብዙ ሺህ ብር የተጻፈለት ሰው ዳቦ መግዣ አጣ። ገንዘቡ አልተሰረቀም፣ አልተቃጠለም። በገንዘቡና በባለቤቱ መካከል ያለው እምነት ተቆርጦ ነበር እንጂ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ባንኮች ሲከፈቱም፣ ሰው አስቀድሞ ያጣው ይህንን እምነት እንደሆነ ያውቃል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነጋዴ ሁሉ ፕሮፌሰር ይሁን ማለት አይደለም። የጥንቱ ነጋድራስ ማንበብ ባይችል እንኳ ሦስት ነገር ሳያውቅ ጭነት አያነሣም ነበር፦ በእጁ ያለው ነገር ለምን ዋጋ እንዳለው፣ መንገዱን የሚዘጋበት ማን እንደሆነ፣ መንገዱም ቢዘጋ በምን እንደሚኖር። የዛሬው የድርጅት መሪ መኪና፣ ኮምፒዩተርና አማካሪ አለው። ሦስቱን ጥያቄዎች ግን ከዶላሩ ተመን በፊት የሚጠይቅ ምን ያህል ነው? የዓለም አሳብ ፈቃዳችንን ሳይጠይቅ ይመጣል። ሲመጣ ተቀባይ ብቻ ሆኖ መጠበቅ ወይም አስቀድሞ ስንቅ መሰነቅ ግን የእኛ ፋንታ ነው።